የ46 ሺህ ብር ጉዳይ በስልክ ይዳኛል ወይ?

ዋንዛ ጠራቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ቆጪ አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ እጠርባለሁ። አባቴም ይጠርብ ነበር። መጻፍ ላይ እንደ መጥረቢያው እጄ አይታዘዝም፤ ቢንዛዛባችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡና ቤት በቴሌግራም አገኘኝ። ስሙን አልጠራም። 24 በርጩማና 4 ረከቦት አዘዘ። በርጩማው አንዱ 2,800 ብር፣ ረከቦቱ 2,200። ድምሩ 76 ሺህ። 30 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላከ። ቀሪውን 46 ሺህ «ዕቃው በደረሰበት ቀን» አለ። «አይዞህ፣ እኛ የሰው ላብ አንበላም» የሚል የድምፅ መልእክትም ልኮልኛል። ያችን ድምፅ ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ከሁለት ልጆች ጋር አምስት ሳምንት ሠራን። በአይሱዙ ጭኜ ሰደድኩ። በማግስቱ ፎቶ ላከልኝ። ሦስቱ በርጩማ መቀመጫቸው ላይ ተሰንጥቋል። የአንደኛው ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ፎቶውን ሳይ ልቤም አብሮ ስንጥቅ አለ። «ሦስቱን በራሴ ወጪ እተካለሁ፣ የቀረውን ክፈለኝ» አልኩት። «ከእንግዲህ በዕቃህ እምነት የለኝም» አለኝ። ከዚያ ዝም።

ጉዱ ያለው ባለፈው ዓርብ ማታ ነው። ቴሌግራሜን ከፈትኩ። የእኛ ምልልስ የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ያወራነው፣ ዋጋው፣ ልኩ፣ ያች «ላብ አንበላም» ያላት ድምፅ፣ ሁሉም የለም። ተለማማጄ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ከሁለቱም ወገን ነው ያጠፋው፤ ቴሌግራም ይፈቅዳል» አለኝ። እኔ በምን አውቄ? የጻፍኩለትን ብቻ ሳይሆን የጻፈልኝንም ከኪሴ ገብቶ ወሰደው ማለት ነው። የቀሩኝ ሦስት ስክሪንሾቶች ናቸው። እነሱም ለሚስቴ ላሳያት ብዬ ያነሣኋቸው።

አሁን ጥያቄዬ። አዲስ አበባ ሄጄ ልክሰስ ብል መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ ሲደመር አንድ ምልልስ 4,000 ብር ይበላል። ሁለት ቀን ሥራ ቤቴ ይዘጋል። ደግሞ አንድ ቀጠሮ አይደለም። ጎረቤቴ በአንድ የአጥር ክርክር ሰባት ጊዜ ተመላልሷል፤ ያውም ፍርድ ቤቱ ከቤቱ በእግር የሚደረስ ሆኖ። በሬዲዮ ስለ ኦንላይን ፍርድ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ። ከሥራ ቤቴ ሳልነሣ በስልክ ከስሼ፣ በስልክ ተከራክሬ፣ በስልክ ይፈረድልኛል ማለት ነው? ወይስ ይሄ የትልልቅ ድርጅቶች ነገር ነው?

ሽማግሌ ላክ እንዳትሉኝ ብቻ። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ቴሌግራም የላቸውም።


ኮፒ ቤቷ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ወንድሜ፣ እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ኮፒ ቤት አለኝ። ኦንላይን ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። ኦንላይኑ ሁሉ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚታተመው።

በቀን ስንት ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል መሰለህ። «ይቺን አትሚልኝ፣ ማስረጃ ናት» ይለኛል። አያታለሁ። የላከው ሰው ስም «ዱርዬው» ተብሎ ተመዝግቧል። ስልክ ቁጥር የለም። ቀን የለም። ሰዓት ብቻ አለ፣ ያውም የፈረንጅ ሰዓት። ከላይ የተቆረጠ፣ ከታች የተቆረጠ። ተቀናቃኙ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ቢል ምን ትመልሳለህ?

ስለዚህ ዛሬውኑ የሚከተለውን አድርግ። ሦስቱን ስክሪንሾቶች እንዳትቆርጣቸው፣ እንዳትጽፍባቸው። የቴሌብሩን መልእክት ከ127 የመጣውን ፈልግ፤ የላኪው ስምና የግብይት ቁጥር አለበት። እሱን ማንም ከአንተ ስልክ ሊያጠፋው አይችልም። የስልክህን የፎቶ ማኅደር ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ በአንድ እይ። ምልልሱ ቢጠፋም ወደ ስልክህ ያወረድካቸው ፎቶዎች እዚያው ተቀምጠው ይገኛሉ። አይሱዙው ላይ ዕቃውን የተረከበ ሰው ፈርሞ ከሆነም ሾፌሩን ያዘው።


የአጋሮ አናጢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ስለ ሕጉ አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። እንጨቱ ስንት ወር ደርቋል?


ዋንዛ ጠራቢ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ስፈልግ አደርኩ። አንድ ነገር አገኘሁ! ሲያዝዝ ራሱ በእጁ የሳለው ሥዕል አለ። የደረሰኝ ጀርባ ላይ በስክሪብቶ የተሳለ፣ ከፍታ 38 ሳንቲ ሜትር፣ መቀመጫው ላይ ጎድጎድ ይበል፣ ከታች «24 ፍሬ» ብሎ ጽፎበታል። የእጅ ጽሑፉ ነው። ልጁ ለልኩ ብሎ አስቀምጦት ኖሯል።

የአጋሮው፣ ወጋኸኝ። እውነቱን ልናገር። ሃያ አንዱ ከደረቀ ግንድ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ግን ቀኑ ስለደረሰብኝ እርጥበቱ በደንብ ካልወጣ ዋንዛ ነው የጠረብኳቸው። ከዚያ የጊቤ በረሃ ሙቀት፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር። የተሰነጠቁት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ለዳኛ መናገር አለብኝ?


ጡረተኛው ሬጅስትራር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርህ፣ ጠበቃ ደግሞ አማክር።

መጀመሪያ የሚያስፈራህን ላንሣልህ። በጽሑፍ የተፈረመ ውል የለኝም ብለህ ሠግተህ ይሆናል። ይሄ ብድር ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበርክ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው። አምስት መቶ ብር ያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምሳ ነው። በዚህች ቁጥር የተነሣ ስንት ሰው በወዳጁ ገንዘቡን ተበልቶ ሲወጣ አይቻለሁ። የአንተ ግን የዕቃ ሽያጭ ነው። በርጩማ ለመሸጥ የግድ የጽሑፍ ውል የሚጠይቅ ሕግ የለም። ምስክርም፣ ደረሰኝም፣ ያ የደረሰኝ ጀርባ ሥዕልም ይረዳሃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ዳኛው ግን «እውነት እሱ ነው የጻፈው?» ብሎ መመርመሩ አይቀርም። ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ የነገረችህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ካልሄድኩ ያልከው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከውል የመነጨ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ እንዲቀርብ በር ይከፍታል። ስለዚህ ጅማ ላይ መክሰስ ይቻል እንደሆነ ጠበቃህ ይመልከተው። ተከራካሪዎች የተለያየ ክልል ነዋሪ ሲሆኑ የፌዴራል ሥልጣን ጥያቄም ይነሣል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ያን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። አንድ ነገር አትርሳ። እዚህ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የቴሌግራም ወሬአችሁ በአማርኛ ስለሆነ ማስረጃህን ማስተርጎም ሊኖርብህ ይችላል።

እዚህ ብትከስ ታዲያ መንገዱ አልጠፋም። ወደ እሱ ዞረ እንጂ። ደስ ሊልህ ይችላል፤ እኔም ብሆን ደስ ይለኛል። ግን መጥሪያውን ማን ያደርሳል? ብዙ ጊዜ ከሳሹ ራሱ ነው ይዞ የሚሮጠው። ፈረድንልህ ብንልስ? ገንዘቡ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አፈጻጸሙ እዚያ ይከተልሃል። ሰው ሁሉ ስለ ችሎቱ ያወራል። መዝገቦች ሲሞቱ ያየሁት ግን ችሎት ላይ አይደለም። መጥሪያ ላይና አፈጻጸም ላይ ነው። ኦንላይን የሚባለው ነገር እነዚህን ሁለቱን ካልነካ ትርፉ ዳኛውን በቴሌቪዥን ማየት ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ካነሣሁ አይቀር አንድ ላውጋህ። በሌላ ከተማ ስሠራ ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ የመሬት ክርክራቸው ሰበር ደርሶ በፕላዝማ ሊቀርቡ መጡ። ዳኞቹ አዲስ አበባ፣ እሳቸው እኛ ጋ ስክሪን ፊት። ዳኞቹ ብቅ ሲሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። ዞር ብለው «ይሰሙኛል?» አሉኝ። «ይሰማሉ፣ ይናገሩ» አልኳቸው። ገና «ጌቶቼ» ብለው ሲጀምሩ መብራት ድርግም። ጨለማው ውስጥ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ምነው፣ ተቆጡ እንዴ?» አሉኝ።

ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ቀጠሉ። በል እንግዲህ፣ ሳቅ። ግን እኒያ ሰው ለአንድ ቀን ክርክር በሬ ሸጠው አዲስ አበባ አልሄዱም። ይህንንም አልክድም። አሁን ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክስ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማቅረብም ተጀምሯል። ስለዚህ የትልልቆቹ ብቻ አይደለም።

ስለ ሦስቱ በርጩማ፦ ተናገር። ሃያ አንዱ ደህና ነው የሚል ሰው ስለ ሦስቱ ካላመነ ስለ ሃያ አንዱ ማን ያምነዋል?


ሕግ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

እዚሁ ጅማ ሕግ እየተማርኩ ነው። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። በውጭ ግን ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ኢቤይ የሚባለው የኦንላይን ገበያ በዓመት 60 ሚሊዮን ያህል የገዥና ሻጭ ጠብ በራሱ የኦንላይን ሥርዓት ሲፈታ ኖሯል፤ አብዛኛው የሰው ዳኛ ሳያየው። ቻይና በፈረንጆቹ 2017 ሃንግዦ ላይ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ከፍታለች። ጎረቤታችን ኬንያ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ ለሆነ ክርክር የአነስተኛ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አላት፤ ሕጉ በ60 ቀን እንዲወሰን ያዛል። ናይሮቢም ከ2020 ጀምሮ ክስ በኦንላይን ይገባል። እኛም አንድ መተግበሪያ ብቻ ቢሠራልን...


ኮፒ ቤቷ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

አንተ ልጅ፣ መተግበሪያውንስ ማን ይሞላዋል? ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ለአንድ ጉዳይ ኢሜይል ተጠይቀው ሰው ከፈተላቸው። የይለፍ ቃሉ እሳቸው ጋ የለም፤ የከፈተላቸው ልጅ ጋ ነው። ልጁ የት ነው? ሐዋሳ ሄዷል። ድሮ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ቢያንስ ወረቀቱን ይሰጣቸው ነበር።

ይቅር አላልኩም። ይምጣ። ግን ሰው ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ እንደሚመጣ አውቃችሁ ሥሩት። እኔ ምስጢር እጠብቃለሁ። ጎረቤቴ ያለው ኮፒ ቤት መጠበቁን ግን አላውቅም።


ሕግ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡42

እሺ እትዬ፣ ተሸነፍኩ። እንዲያውም የሚረዳሽ ነገር ልጨምርልሽ። የአውሮፓ ኅብረት ለኦንላይን ግዢ ጠብ የከፈተው መድረክ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ተከፈተ፤ በ2025 ተዘጋ። ነጋዴው መልስ የመስጠት ግዴታ ስላልነበረበት አብዛኛው አቤቱታ ቀኑ አልፎ ዝም ብሎ ይዘጋ ነበር። ልክ እንደ ቡና ቤቱ።


የሰቃ ልጅ በቫንኩቨር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ? ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ በዓይኔ ዞረ።

ዋንዛ ጠራቢ፣ ያልከውን አንብቤ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ አንድ ሰው የቤቴን ወለል በእንጨት አነጠፈልኝ። 2,900 ዶላር ከፈልኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ወለሉ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነሣ። ደወልኩ። አያነሣም።

እዚህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ገና ከመነሻው ኦንላይን ሆኖ የተሠራ የዳኝነት ተቋም አለ። በፈረንጆቹ 2016 በጋራ መኖሪያ ቤት ጠብ ጀመረ። ከ2017 ወዲህ እስከ 5,000 ዶላር ያሉ ትንንሽ ክሶችን ያያል። ልጄን አስተኝቼ ሌሊት ነው የገባሁበት። እንደ ክስ ቅጽ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጠየቀኝ። ምን ተስማማችሁ? ምን ከፈልሽ? ምን ተበላሸ? ለሰውየው ነግረሽዋል? ምን ቢደረግልሽ ትረኪያለሽ? ይህ ክፍል በነፃ ነው፤ ገና ክስ አይደለም። በመጨረሻ ለሰውየው የምልከው የደብዳቤ ናሙና ሰጠኝ።

ደብዳቤውን ላክሁ፤ ዝም አለ። ከዚያ ከፍዬ አመለከትኩ። መጀመሪያ እርስ በርስ እንድንነጋገር ዕድል ሰጡን። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ በኢሜይልና በስልክ መሐል ገባች። ዳኛ አይደለችም፤ አስማሚ በላት። እሱም «ከሥር እርጥበት ነበረ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ። እውነትም ትንሽ ነበረ። በ1,700 ዶላር ተስማማን። ባንስማማ ኖሮ ወረቀታችንን አንብቦ የሚወስን ዳኛ ነበር፤ ውሳኔውም በመደበኛው ፍርድ ቤት በኩል ይፈጸማል። እኔ ግን የዳኛ ፊት ሳላይ አለቀ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በስልክና በወረቀትም ይስተናገዳል፤ እትዬ ኮፒ ቤት ይህን ስሚ።

ካሜራው አይደለም ዋናው ለማለት ነው። ጥያቄዎቹ ናቸው። እኔ ነገሬን አጥርቼ ያወቅሁት እነሱን ስመልስ ነው።


ዋንዛ ጠራቢ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ይቺን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ለካ እኔ የፈለግሁት ዳኛ አልነበረም። ዳኛው እዚህ ከተማም አለ። የቸገረኝ ከዳኛው በፊት ያለው ነገር ነው። ነገሬን የሚጠይቀኝ፣ ያንን ሰው ደግሞ ዝም እንዳይል የሚያደርግ። ያ ነገር በእኛ ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ስልኬ ላይ ቢኖር እኮ ቀጠሮ ላያስፈልገኝም ይችል ነበር።

የሰቃዋ እህቴ፣ እነዚያን ጥያቄዎች አንዴ በዝርዝር ጻፊልኝ። እዚሁ ሥራ ቤት ቁጭ ብለን ከልጁ ጋር እንመልሳቸዋለን።


ጡረተኛው ሬጅስትራር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጥሩ አስበሃል። ስትጽፍለት ስድብ አታስገባ። «ሌባ» የሚል ቃል ካለበት ነገ ማስረጃው የእሱ ይሆናል። ቀን ስጠው፤ «በ10 ቀን ውስጥ» በለው። መድረሱን የሚያሳይ ፊርማ ያዝ።

ሽማግሌ አትበሉኝ ስላልክ ፈርቼህ ነበር፤ አሁን ግን ልናገር። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁማለች። የሽማግሌ ዳኝነት ዛሬ ከሕግ ውጭ አይደለም። የአንተ ሰው አዲስ አበባ ስለሆነ ወደዚያ አትሄድ ይሆናል። ሁለታችሁን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን የለም? ሽማግሌ ማለት ነጭ ጋቢ ብቻ አይደለም።

ብትስማሙ በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ወገን ከየመብቱ ቀንሶ ጠቡን የሚዘጋበት ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ራሱን ችሎ አለ። በሁለታችሁ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሳታነብ እንዳትፈርም።


ዋንዛ ጠራቢ
እሑድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከቀኑ 10፡00

ጠፋሁ አይደል? ሥራ በዛብኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥያቄዎቹን መለስን። ልጁ ይጠይቀኛል፣ እኔ ከመጥረቢያው ሳልነሣ እመልሳለሁ፣ እሱ ስልኩ ላይ ይጽፋል። «ምን ቢደረግልህ ትረካለህ?» የሚለው ላይ ቆምኩ። 46 ሺህ ልል ነበር። ሦስቱ በርጩማ ዓይኔ ላይ መጡ። 8,400 ብር ናቸው። «37,600» በል አልኩት። ስናገረው የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

ኮፒ ቤቷ በሁለት ገጽ አሳመረችልኝ። ሥዕሉ፣ የቴሌብሩ መልእክት፣ ሦስቱ ስክሪንሾቶች ከነስልክ ቁጥሩ። ስለ እርጥቡ እንጨትም ጻፍኩ። ዕቃውን ያደረሰው የአይሱዙ ሾፌር ይዞት ሄደ። ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ ፈርማ ተቀበለች፤ ሾፌሩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ።

በስድስተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ደወለ። መጀመሪያ ተቆጣ። «ልትከሰኝ ነው?» አለ። «አይ፣ ገና እየጠየቅሁህ ነው» አልኩት። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን አሰብኩና «ሁለታችንን የሚያውቅ ሰው ይግባ» አልኩ። ማን ተገኘ መሰላችሁ? ቡናውን ከዚህ ጭኖ የሚያቀርብለት ነጋዴ። የአባቴን በርጩማ የገዛ ሰው ነው። ሦስታችን በቴሌግራም ተደዋወልን። ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ከኋላው ጆንያ ሲወረወር ይሰማል። ኔትወርኩ አራት ጊዜ ተቆረጠ። ሰውየው ገና «ምልልሱን ያጠፋሁት...» ብሎ ሲጀምር ተቆረጠና ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ተመልሶ ሲገባ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

37,600 ላይ ተስማማን። 20 ሺው በማግስቱ ከ127 ደረሰኝ። 17,600ው የካቲት 15 ነው። ስምምነቱ ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመናል፣ ነጋዴው ምስክር ነው። አልመጣ ካለ ያን ወረቀት ይዤ ጋሼ ወደሚያውቁት በር እሄዳለሁ፤ አሁን ቢያንስ ምን ይዤ እንደምሄድ አውቃለሁ። ስልኩን ደግሞ ምንም ነገር ሲመጣ ልጁ ሌላ ቦታ ያስቀምጥልኛል።

የአጋሮው፣ ሦስቱን በርጩማ አስመልሻቸዋለሁ። አንዱ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ስንጥቁ ይቆነጥጣል።


ኮፒ ቤቷ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡05

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ግን ስምምነቱን ሦስት ቅጂ አሳትመህ የሁለት ነው የከፈልከኝ።


ዋንዛ ጠራቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30

ማስረጃ አለሽ?


ኮፒ ቤቷ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡34

ስክሪንሾት አንሥቻለሁ። ከነቀኑ።